ሙሄዲን ስልኩን ወደ ሳሎን ያዛወረበት ሳምንት

ሙሄዲን ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲሸኘው የግድግዳ ሰዓት ሸለመው። ሰዓቱን በሳምንቱ ፈታታው። መልሶ ሲገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈው፤ ሰዓቱ ግን መሥራቱን አላቆመም፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀድማል። ሙሄዲን ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም። መጀመሪያውኑ ሁለት ብሎን ትርፍ ነበረበት ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያልነካው ነገር የለም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ለመክፈትም ለመዝጋትም ወደ ቀኝ ይዞራል። የሳሎኑ መብራት የሚበራው ከመኝታ ቤት ነው። የግቢው በር ላይ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ አለ፤ ሰው ሲገባ ድንጋዩ ቁልቁል ይወርድና በሩን ከኋላው ይዘጋዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሚስቱ ዘይቱና ከሰላምታ በፊት «ጎንበስ በሉ» ትላለች። ሰፈሩ ለምዶታል።

ሰውዬው ዕቃ የሚፈታታው ስስታም ስለሆነ አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም። በልጅነቱ የበግ ቆዳ ሲገፈፍ እንኳ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ነበር ይላሉ።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ።

የዘይቱና አጎት ሼህ ሙዓዊያ ኮምቦልቻ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት ነው። ዘይቱናን አባቷ በልጅነቷ ስለሞተባት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በዚህም የተነሳ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እሳቸው ሳይመርቁ የሚዳር ልጅ የለም። ወደ ደሴ መውጣት ግን ትተዋል። ጉልበታቸው ዳገቱን በመኪናም ቢሆን አይወደውም፤ የደሴ ብርድ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ኪራይ ሳይከፍል ይቀመጣል ይላሉ። ሞባይልም አይሆናቸውም። ጆሯቸው የሚሰማው የቤት ስልኩን ከባድ እጀታ ቀኝ ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ሲይዙት ብቻ ነው።

ሼሁ አንድ ልማድ አላቸው። ሲመርቁ ከእያንዳንዱ ምርቃት በኋላ ቆም ብለው አሚኑን ያዳምጣሉ። ወሎ ውስጥ ምርቃት የመራቂው ብቻ አይደለም፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው አሚን ባዩ ነው። አሚኑ ከልብ ከሆነ ጉዳዩ ተሳካ፤ ከሳሳ ደግሞ ሼሁ «እዚያ ቤት ያልወደደ ሰው አለ» ብለው ነገሩን ያቆዩታል። አምና የዘይቱና የእህት ልጅ ፋኢዛ ስትዳር የሆነው ይኸው ነው። ያኔ ስልኩ መኝታ ቤት ነበርና እጀታውን የያዘው ሙሄዲን ብቻውን አሚን አለ። ሃያ ሰው ሳሎን ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ሼሁ አንድ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ብቻ ሰሙ። የፋኢዛ ሠርግ ሦስት ወር ዘገየ።

ዘንድሮ ተራው የሙሄዲንና የዘይቱና ልጅ የሙና ሆነ። ሙና ጀሚል ከሚባል የሆጤ ሰፈር ልጅ ጋር ተስማምታለች። የጀሚል አባት አቶ ተውፊቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሊመጡ፣ የሼሁንም ምርቃት እዚያው ሳሎን ቁጭ ብለው ሊሰሙ ቀጠሮ ተይዟል። እሺታ የሚሰጠው በልጅቱ ቤት ነው፤ የወንድ ወገን ሽማግሌዎችን «ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ስሙ» ማለት ነውር ይሆናል። ስለዚህ ስልኩ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን መግባት ነበረበት። ሙና ድምፅ ማጉያ ያለው አዲስ የስልክ ቀፎ ገዝታ አመጣች። ለአባቷም አንድ ነገር ብቻ ነገረችው።

«አባ፣ አሚኑ ሦስት ወር ቢያዘገየኝ ጀሚል ይጠብቃል። እኔ ነኝ የማልጠብቀው። ባለሙያ ጥራ።»

ሙሄዲን እሺ አለ። ሰኞ ጠዋትም በቀጥታ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ በትሕትና አስተናገደችው፤ የማዛወሪያውን ክፍያ ነገረችው፤ ባለሙያ በማግስቱ ጠዋት ሊመጣለት እንደሚችልም አስረዳችው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የምንተርከው አይኖርም ነበር። ሙሄዲን ግን ብዕሩን ሊያነሳ ሲል ባለሙያው መጥቶ በትክክል ምን እንደሚሠራ ጠየቀ። ልጅቷም ሁለት ሽቦ ከዚህ ነቅሎ እዚያ እንደሚተክል ነገረችው።

«ሁለት ብቻ?» አለ ሙሄዲን።

«ሁለት ብቻ።»

ሙሄዲን በፋብሪካ ዘመኑ በአንድ ማሽን ላይ ሦስት ሺህ የድር ክር ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ያደርግ የነበረ ሰው ነው። ሁለት ሽቦ የሚለው ቃል ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ እስከ ሆጤ ድረስ ጆሮው ውስጥ አብሮት ሄደ። ሆጤ ሲደርስ እግሩ ራሱ ወደ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አስገባው። ሃያ ሜትር የስልክ ገመድ፣ አንድ ሶኬትና አንድ ጥቅል ናስትሮ ገዝቶ ወጣ። ለዘይቱና ባለሙያው ማክሰኞ ጠዋት እንደሚመጣ ነገራት። ይህም ውሸት አልነበረም፤ ማክሰኞ ጠዋት እሱ ራሱ መሰላሉን ተሸክሞ ብቅ አለ።

የስልክ መስመር ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ ውስጡ ግን የሚያስደስት ጉዳይ አለው። ከምሰሶው እስከ ቤት ድረስ የሚመጣው ጥንድ ሽቦ ነው። ድምፅህ በአንዱ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል እንበል። ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ሹሩባ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ናቸው፤ ይህም ለውበት አይደለም። አጠገባቸው ሌላ መስመር ሲኖር የዚያ ቤት ወሬ ወደነሱ ሊሾልክ ይሞክራል። ሁለቱ ተጠማዝዘው ከተቃቀፉ ግን አንዱ የሰማውን ሌላውም እኩል ስለሚሰማ፣ የሾለከው ወሬ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በዚህ ቀላል ዘዴ ነው መቶ ቤት በአንድ ወፍራም ገመድ ውስጥ ጎን ለጎን እያወራ አንዱ የሌላውን የማይሰማው። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ይባረክ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር። ከቤቱ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን የሙሄዲን ብቻ አልነበረችም። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው የወይዘሮ ባይነሽ መስመርም በእሷ ውስጥ ያልፋል። ሙሄዲን ሳጥኗን ሲከፍት ከምሰሶው የሚመጣ አራት ሽቦ አየ፤ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ብርቱካናማ፣ ሁለት ነጭ፤ ወደ ቤቶቹ የሚገቡትም በዚያው መልክ ናቸው። ሰማያዊው ከአንዱ ነጭ ጋር ተጠማዝዞ የሙሄዲን ቤት ነው፤ ብርቱካናማው ከሌላው ነጭ ጋር ተጠማዝዞ የባይነሽ ቤት ነው። ነጮቹ መልካቸው አንድ ይሁን እንጂ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም።

ይህን አንድ ደንበኛ የስልክ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ይማረዋል። ሙሄዲን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የተማረው ሌላ ትምህርት ነው። በሽመና ማሽን ላይ ድር ሲበጠስ ነጭ ከነጭ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር ይቋጠራል፤ ነጭን ከሰማያዊ ያጣመደ ሠራተኛ ጨርቅ አበላሽቷልና ፎርማኑ ፊት ይቆማል። ሙሄዲን ያንን የተጠማዘዘ ሽቦ ሲያይ አዘነ። ማን ይሆን እንዲህ ያዘበራረቀው አለ። ለጎረቤት ውለታም ጭምር ብሎ ሁሉንም ፈታታ፣ በፒንሳ አቃና፣ ዝገቱን ጠረገ፤ ከዚያ ነጮቹን ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ላይ፣ በዚያ ፋብሪካው ሁሉ በሚያደንቅለት ጠበቅ ያለ የሸማኔ ቋጠሮ አሰራቸው። ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማውን ከብርቱካናማ። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። ጥልፍ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ገመዱን በኮርኒሱ ሥር አሳልፎ ሳሎን አደረሰው። የጫፎቹን ፕላስቲክ በጥርሱ እየላጠ ሳለ አንድ ሌላ ትምህርት ተማረ። ስልክ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው፤ ሰው ቢነካውም እምብዛም አይታወቀውም። ሰው ሲደውል ግን ደወሉን ለመቀስቀስ ከወዲያ ማዶ የሚላከው ኃይል እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሙሄዲን ሁለቱን ጫፎች በጥርሱ ነክሶ መሰላል ላይ በቆመበት ቅጽበት፣ ገበያ ያለችው ዘይቱና «ባለሙያው መጣ ወይ?» ብላ ለመጠየቅ ከሞባይሏ ደወለች።

ቀፎው ገና አልተገጠመም ነበርና ስልኩ አልጮኸም። የጮኸው ሙሄዲን ነው። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም፤ «ቢስሚላህ» ማለቱን ብቻ ያስታውሳል። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በምላሱ ቆጠረ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ ጥሪ ከመጣ መስመሩ ሕያው ነው ማለት ነዋ። ዘይቱና ስትመለስ ፀጉሩ ለምን እንደቆመ ጠየቀችው። ስልክሽ ደርሶኛል አላት።

ሶኬቱን ገጠመ፣ ቀፎውን ሰካ፣ እጀታውን አነሳ። ድምፅ አለ። ከድምፁ ሥር እንደ ንብ ቀፎ እምምም የሚል ነገር ይሰማል፤ በዚያም ውስጥ ሩቅ ያለች ሴት ስለ በርበሬ የምታወራ ይመስላል። ሙሄዲን ይህን የአዲሱ ቀፎ ጥራት ነው ብሎ ተቀበለው። ወጥ ቤት ያለ ሰው ድምፅ እንኳ ይይዛል ብሎ ቀፎውን ለሙና አሞገሰላት። ወጥ ቤት ግን ያን ጊዜ ማንም አልነበረም።

ከግድግዳው ወዲያ የነበረውን ደግሞ እሱ አላወቀም። ወይዘሮ ባይነሽ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ልጃቸው ቶሚ አዲስ አበባ ስለሚሠራ በየሁለት ቀኑ በቤት ስልክ ያወሩታል። ከማክሰኞ ወዲህ ስልካቸው ያለ ወትሮው ሰው ሳይደውልላቸው እንደ ፌንጣ ጭርጭር ማለት ጀመረ። እጀታውን ሲያነሱም ዘይቱና ከእህቷ ጋር ስለ ሙና የምታወራው ይሰማቸዋል። መጀመሪያ ዘጉት። ሁለተኛም ዘጉት። በሦስተኛው፣ እንግዲህ ሰው ነው፣ ትንሽ ቆዩ።

ሐሙስ ደረሰ። ከአስር በኋላ አቶ ተውፊቅና ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎንበስ ብለው ገቡ። ሳሎኑ በዘመድ ሞላ። ሙና መኝታ ቤት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ጆሮዋን ከክፍተቱ ላይ ለጥፋ ቆመች። ስልኩ በነጭ ዳንቴል ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ሙሄዲን አጠገቡ ተቀምጦ ላቡን በመሐረብ ያደርቃል፤ ለማንም ባይናገርም ከኮርኒሱ ሥር ያለፈችው ገመድ አንድ ቦታ ላይ ረገብ ማለቷን አሁን ገና ማየቱ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሙሄዲን የድምፅ ማጉያውን ተጫነ። የሼህ ሙዓዊያ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ሰላምታው ረዘመ፤ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ጤና ተጠየቀ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ።

«አላህ ቤታቸውን የሰላም ቤት ያድርገው።»

«አሚን» አለ ሳሎኑ በሙሉ፤ ሃያ ሦስት ሰው።

ሼሁ ቆም አሉ። አዳመጡ።

ስለ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ማጉያው ለሳሎኑ ሰው ትልቅ አፍ ነው፤ ጆሮው ግን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠባብ ናት፤ ሃያ ሦስት ሰው ከየጥጉ ሲናገር የቅርቡን ብቻ ትመርጣለች። በዚያ ላይ የሙሄዲን ንብ አለች። ኮምቦልቻ የደረሰው እምምም የሚል ጩኸትና ከሥሩ የአንድ ላቡን የሚጠርግ ሰው ድምፅ ነው። ልክ እንደ አምና።

«ልጅ ይስጣቸው፣ የተባረከ» አሉ ሼሁ ቀዝቀዝ ብለው።

«አሚን!» ብሎ ሳሎኑ ተንጫጫ። አቶ ተውፊቅ ወደ ስልኩ ጎንበስ እስኪሉ ድረስ አሰምተው አሉት።

ሼሁ አሁንም ቆዩ። ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ዘይቱናዬ» አሉ፤ «እዚያ ቤት ሰው የለም? ወይስ በርዷችኋል?»

ዘይቱና አለን አለን እያለች ወደ ስልኩ ተጠጋች። ሙሄዲን አይኑን ጨፈነ። በመኝታ ቤቱ በር ክፍተት የሙና ጣቶች ብቅ ብለው የበሩን ጠርዝ ጨበጡ። ሼሁ ተስፋ እንደ ቆረጠ ሰው ሦስተኛውን ምርቃት ጀመሩ።

«አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት ይጠብቃቸው።»

«አሜን!»

ይህ ከሳሎን የመጣ አልነበረም። ከስልኩ ውስጥ ነው የወጣው፤ ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ የሴት ድምፅ፣ አፉን እጀታው ላይ የደገነ ሰው ድምፅ። በጉባኤ መሐል ለዓመታት የሠለጠነ አሜን ነበር። ወይዘሮ ባይነሽ ስልካቸው ጭርጭር ሲል አንስተው ነበር፤ ምርቃት ሲሰሙ ደግሞ የማን ነው ብለው መጠየቅ አልሆነላቸውም። ምርቃት ከተባለ አሜን ይባላል።

«ማሻአላህ» አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ያገኙትን ተካፍለው የሚበሉ ያድርጋቸው።»

«አሜን!»

«ሽበት አብረው ያብቅሉ።»

«አሜን አሜን!»

«ይህች ማን ናት?» አሉ ሼሁ። «ከልቧ አሚን የምትለዋ?»

«ባይነሽ እባላለሁ አባቴ» አለ ስልኩ። «ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ።»

ዘይቱና ሙሄዲንን አየችው። ሙሄዲን ኮርኒሱን አየ። ሽማግሌዎቹ ሴትዮዋ የት እንደተቀመጡ ለማወቅ ከሶፋው ጀርባ ሳይቀር ተመለከቱ።

«ጎረቤት!» አሉ ሼሁ። «እኔማ ጉልበቴ ከልክሎኝ እንጂ ጎረቤት ሳልጠይቅ አልመርቅም ነበር። በይ ልጄ፣ ፈጣሪሽን ፈርተሽ ንገሪኝ። ልጅቱ እንዴት ናት?»

እንግዲህ ጎረቤት መጠየቅ የጋብቻ ግማሹ ነው። ሁልጊዜ ግን በስውር ነው የሚደረገው፤ የሙሽራው አባት እዚያው ተቀምጦ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ተደርጎ አያውቅም። አቶ ተውፊቅ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

«ልጅቱ ወርቅ ናት» አሉ ወይዘሮ ባይነሽ። «አምና እግሬን ስታመም ሁለት ወር ሙሉ ውሃዬን የቀዳችልኝ እሷ ናት። እናቷም እህቴ ናት። ቤቱ የፍቅር ቤት ነው፣ አባቴ። ጠብ ሰምቼ አላውቅም፤ መዶሻ ነው የምሰማው።»

«አባቷስ?»

ሙሄዲን በመሐረቡ ፊቱን ሸፈነ።

«ፈጣሪን ፍሪ ካሉኝ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ባይነሽ። «ሰውነቱ ጥሩ ነው። እጁ ግን አያርፍም። ምድጃዬን እጠግናለሁ ብሎ ከነካው ወዲህ ግራውን ሳበራ የሚግለው ቀኙ ነው። ስልኬ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ የእነሱን ቤት ነው የሚያወራኝ። የሙና ቀሚስ ምን ዓይነት እንደሆነ ከሙሽራው በፊት አውቄያለሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ተውፊቅ ናቸው። ይዘውት ይዘውት በአፍንጫቸው አመለጣቸው። ከዚያ ሳሎኑ ተከተለ፤ ከኮምቦልቻም እንደ አሮጌ ሞተር እየተንገጫገጨ የሚነሳ ሳቅ ተሰማ። ሼሁ ስቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን አስተካከሉ።

«ጎረቤት መስክሯል፤ መርቄያለሁ» አሉ። «ነገር ግን አንድ ሸርጥ፣ አንድ ግዴታ አለኝ። ሙሄዲን!»

«አቤት አባባ።»

«ልጅህ በምትገባበት ቤት ካቻቢቴ ይዘህ እንዳትገባ። ቧንቧ አትንካ፣ ሽቦ አትንካ፣ በር አትንካ። ወላሂ በልና ልጨርስ።»

ሙሄዲን ደረት ኪሱን ዳሰሰ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ለሙሽሮቹ የሚገጥመውን የበር ደወል በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሷል፤ ሥዕሉ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ሰው ይመለከተዋል። ከመኝታ ቤቱ በር ሙና አንገቷን አወጣች፤ ሙሽራ በሽማግሌ ፊት ብቅ ማለቷ ነውር መሆኑ ቀረ።

«አባ» አለች፤ «ወላሂ በል።»

«አምፖል መቀየርስ አይቻልም?» አለ ሙሄዲን ወደ ስልኩ፣ በተሰበረ ድምፅ።

ሼሁ አሰቡበት። «አምፖል ይሁን። ጀሚል ቆሞ እያየ።»

«ወላሂ» አለ ሙሄዲን።

ያን ጊዜ የተባለው አሚን ማጉያ አላስፈለገውም፤ ግማሹ ከሳሎን፣ ግማሹ ከግድግዳው ወዲያ በቀጥታ ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሄዲን ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ሳይጠይቅ ከፈለ። ከሰዓት በፊት ሰርክአዲስ የምትባል የመስመር ባለሙያ መጣች። ሳጥኗን ከፍታ የሸማኔውን ቋጠሮ ስታይ መሣሪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው። እንዲህ ያለ ቆንጆ ጥፋት አይታ እንደማታውቅም ነገረችው። ሙሄዲን ቅር አላለውም፤ ሁለቱ ነጮች ለምን እንደማይገናኙ፣ ጥንዱ ለምን እንደሚጠማዘዝ፣ ንቧ ከየት እንደመጣች አንድ በአንድ ጠየቃት። እሷም ሥራዋን የምትወድ ሰው ናትና አንድ በአንድ አስረዳችው። ሲገባው መዳፉን በመዳፉ መታ። በዕድሜው ሙሉ ያላወቀው ነገር ነበር።

ሥራው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሰርክአዲስ ሳጥኗን ልትከድን ስትል ሙሄዲን እጁን ዘረጋ።

«እባክሽ ልጄ» አላት፤ «ፈትተሽ አንዴ ድገሚው። ሁለተኛዋን ጥንድ ስታስገቢ ዓይኔን ሳሽ አመለጠችኝ።»

ከግድግዳው ወዲያ የወይዘሮ ባይነሽ ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ እየነካህ ነው?»

«አይ እትዬ ባይነሽ» አለ ሙሄዲን፣ ሰርክአዲስ የቆመችበትን መሰላል በሁለት እጁ አጥብቆ እየያዘ። «እያየሁ ብቻ ነው።»